የአንክል ቱፔሎ ስብስብ አልበም፦ ከ1989 እስከ 1993 በአንድ ዲስክ

አንክል ቱፔሎ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ቤልቪል በተባለች ከተማ ተመሥርቶ፣ የካንትሪን ዜማ ከፐንክ ሮክ ጩኸት ጋር በማዋሐድ «አማራጭ ካንትሪ» ለሚባለው ስልት መንገድ የጠረገ ባንድ ነው። «89/93፦ አን አንቶሎጂ» የተሰኘው ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ባንዱ ከፈረሰ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ከቀድሞ አሳታሚው ጋር የነበረው የመብት ክርክር በ2000 በስምምነት ባያልቅ ኖሮ፣ ከአራቱም አልበሞች የተውጣጡ 21 ዘፈኖችን በአንድ ዲስክ ማግኘት ባልተቻለም ነበር።

የስብስቡ ትልቁ ብልሃት ዘፈኖቹ በአመዛኙ በዘመናቸው ቅደም ተከተል መደርደራቸው ነው። በ1990 ከወጣው ከመጀመሪያው አልበም የተወሰደው «ዊስኪ ቦትል» በዝግታ ተጀምሮ ድንገት በጊታር ሲያጓራ፣ ለስላሳውና ሻካራው ገና ጎን ለጎን እንደሚኖሩ እንጂ እንዳልተዋሐዱ ይሰማል። በ1992 ግን ባንዱ አር.ኢ.ኤም. የተባለው የሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች ፒተር በክ ፕሮዲውሰር ሆኖለት፣ በጆርጂያ ግዛት አቴንስ ከተማ በመጋቢት አምስት ቀናት ውስጥ አንድ ሙሉ አልበም አብዛኛውን ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር ቀረጸ። ከዚያ የተወሰደው «ሙንሻይነር»፣ በድብቅ አረቂ የሚያወጣን ሰው ኑሮ የሚተርክ የቆየ የሕዝብ ዘፈን ነው። የባንዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ጄይ ፋራር ሲያዜመው ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ ድምፁ ግን ዕድሜውን የጨረሰ ሽማግሌ ድምፅ ነው። ይህን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ እስካሁን ሌላ ሥራ እየሠራሁ ልሰማው አልቻልኩም።

በአድማጮች ዘንድ የቆየው ክርክር ከፋራርና ከሌላው የባንዱ ዘፋኝ ከጄፍ ትዊዲ ማን ይበልጣል የሚለው ነው። የፋራር ወገኖች የባንዱ ክብደት በእሱ ድምፅ ላይ እንደቆመ ያምናሉ፤ የትዊዲ ወገኖች ደግሞ የዜማ ፈጠራው ከአልበም ወደ አልበም እንዴት እንዳደገ ያሳያሉ። ስብስቡ ለሁለቱም ማስረጃ ይሰጣል፤ እኔ በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ለፋራር ባደላም፣ ወደ መጨረሻው ስደርስ ትዊዲን ያለ ጥርጥር እኩል አድርጌ እሰማዋለሁ።

አራቱን አልበሞች አስቀድመው የያዙ አድማጮች የሚያነሡት ቅሬታ ተገቢ ነው፤ በ1989 ከተቀረጸ የሙከራ ቅጂና ከጥቂት መሰሎቹ በቀር አዲስ ነገር ብዙም አያገኙም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በ1993 የወጣው «አኖዳይን»፣ ሙዚቀኞቹ ቴክሳስ ኦስተን ውስጥ በስቱዲዮ አብረው እየተጫወቱ የቀረጹትና በእኔ ግምት ከሁሉም የበሰለው አልበም፣ ድርሻው አንሷል፤ ስሙን የሰጠው ዘፈን እንኳ አልተካተተም።

ስለዚህ ባንዱን ገና ለሚተዋወቅ አድማጭ ይህን ዲስክ አስቀድሞ፣ «አኖዳይን»ን ደግሞ አስከትሎ በሙሉ እንዲሰማ እመክራለሁ። ከስብስቡ ግን 19ኛውንና 20ኛውን ዘፈን ሳይነጣጥል ይስማ። በመጀመሪያው የፋራር ጊታር «ቺካማውጋ»ን እየጮኸ ይዘጋዋል፤ ወዲያው ትዊዲ በባንጆ ታጅቦ «ኒው ማድሪድ»ን፣ በ1990 ይመጣል ተብሎ የቀረውን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያነሣውን ዘፈን፣ ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ በ1994 ባንዱ ፈረሰ፤ ፋራር ሰን ቮልት የተባለውን፣ ትዊዲ ደግሞ ዊልኮ የተባለውን ባንድ መሠረቱ።