ማንነትን ከሚጠይቅ ሰብፒና የሚከላከል ጠበቃ፦ የኢኤፍኤፍ የጠበቃ ማገናኛ ምን ያህል ይረዳል?

አሜሪካ ውስጥ ስሙን ሳይገልጽ የጻፈን ሰው መክሰስ የሚፈልግ ወገን ጽሑፉ ለወጣበት የኢንተርኔት ድርጅት ሰብፒና (መረጃ እንዲሰጥ የሚያዝ ሕጋዊ መጥሪያ) ይልካል። ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ለተጠቃሚው በኢሜይል ያሳውቃል፤ የሚሰጠው ጊዜ ግን አጭር ነው። ቀኑ ካለፈ ስምና አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት ግንኙነቱን የሚለይ ቁጥር) ይተላለፋል፣ አንዴ የወጣ ስም ደግሞ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተው ኢኤፍኤፍ (ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን፣ በኢንተርኔት ላይ ላሉ መብቶች የሚሟገት የአሜሪካ ተቋም) ለእርዳታ ጥያቄ ክፍያ አይጠይቅም። የራሱ ጠበቆች የሚይዙት ጉዳይ ጥቂት ነው፤ ለሌሎቹ ከሚተባበሩት ጠበቆች ጋር ለማገናኘት ይሞክራል። ትልቁ ድክመቱም እዚህ ላይ ነው፦ ጠበቃ ለመገኘቱ ዋስትና የለም፣ የተገኘውም በራሱ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ መልስ እየጠበቁ የግዛቱን የጠበቆች ማኅበር ማገናኛም መሞከር ግድ ነው።

ለኢኤፍኤፍ ሲጽፉ የሰብፒናውን ቅጂ፣ የድርጅቱን ማሳወቂያ፣ የፍርድ ቤቱን ስምና ቀነ ገደቡን ያያይዙ። ዋናውን ጽሑፍ አያጥፉ፤ ማስረጃ እንደማጥፋት ሊቆጠርብዎ ይችላል።

ጠበቃውን ሲያነጋግሩ ሰብፒናውን የማሰረዝ አቤቱታ ማንነቱ ላልተገለጸ ሰው በሚሰጠው «ጆን ዶ» ስም አስገብቶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት የወሰነውን የዴንድራይት መመዘኛ ካላወቀ ሌላ ይፈልጉ። ያ ውሳኔ ከሳሹ የጸሐፊውን ማንነት ከማግኘቱ በፊት ለተጠቃሚው እንዲያሳውቅና ክሱን በማስረጃ እንዲደግፍ ያስገድደዋል። የጠበቃው ፈቃድም አቤቱታው በሚቀርብበት ግዛት የሚሠራ መሆን አለበት፤ ድርጅቱ ካሊፎርኒያ ከሆነ አቤቱታው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው እዚያ ነው።