ዩኒ-ቲ ዩቲ210ኢ ክላምፕ ሜትር በፎርክሊፍት ጥገና ላይ

ባሕር ዳር ባሉ መጋዘኖች ለሚሠራ ባለ 48 ቮልት ፎርክሊፍት ይህ ትንሽ ሜትር (ኬብሉን በአፉ አቅፎ፣ ሳይቆርጥ ከረንት የሚለካ) ከዋጋው በላይ ያገለግላል፤ የመንጃ ሞተሩን ከረንት ለመለካት ግን አይሆንም። ልኬቱ 100 አምፒር ላይ ያበቃል፣ ሞተሩ ጭነት ይዞ ሲነሣ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያልፋል። አፉም የሚከፈተው 17 ሚሊሜትር ስለሆነ ወፍራም የባትሪ ኬብል ቢገባ በግድ ነው።

ጎበዝነቱ ትንሽ ከረንት ላይ ነው። በ2 አምፒር መለኪያው 1 ሚሊአምፒር ይለያል። ቁልፉ ጠፍቶ ያደረ ፎርክሊፍት ጠዋት ባትሪው ወርዶ ከተገኘ፣ ባዶ ክላምፑን ዜሮ አድርጎ (ይህ ከተረሳ የሚታየው ቁጥር ውሸት ነው) የመቆጣጠሪያውን መስመር ማቀፍና ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው። ቁጥሩ በወደቀበት ፊውዝ በኩል ባትሪውን የሚያወርደው ሌባ አለ። ማታ መብራት ሄዶ ቻርጁ ተቋርጦ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ የባትሪው 24 ሴሎች ሞልተው ካረፉ 51 ቮልት ገደማ ማሳየት አለባቸው።

ብዙው ብልሽት የሚገኘው በቮልት ልኬት ነው። ቁልፍ ሲዞር ኮንታክተሩ (ዋናውን ከረንት የሚዘጋና የሚከፍተው ትልቅ ስዊች) «ቀጭ» ካላለ፣ እሱን የሚስበውን ኮይል ሁለት ጫፍ መለካት። ቮልት ደርሶ ካልሳበ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም ኮንታክተሩ ተጣብቋል። ቮልት ካልደረሰ ከቁልፉ ጀምሮ የአደጋ ማቆሚያውን፣ የመቀመጫውን ስዊች በተራ መከተል። «ቀጭ» ብሎም ካልሄደ፣ ፕሮቦቹን በኮንታክተሩ ሁለት ወፍራም ብሎኖች ላይ አድርጎ ጭነት ማንሣት፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ ግማሽ ቮልት ካለፈ ግንኙነቱ ተበልቷል፣ ሙሉ 48 ካሳየ አልዘጋም።

ኦም (ሬዚስታንስ) ከመለካት በፊት የባትሪውን ሶኬት መንቀል ብቻ አይበቃም። የኮንትሮለሩ (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ሣጥን) ካፓሲተሮች ቻርጅ ይይዛሉ፣ በአምፖል ወይም በሬዚስተር ካልወጣ ሜትሩንም እጅንም ይጎዳል።

ክረምት ላይ ከጣና የሚመጣው እርጥበት በባትሪው ክዳን ላይ ካለ የአሲድ ቆሻሻ ጋር ሲገናኝ ከረንት ወደ ሻሲ (የፎርክሊፍቱ ብረት አካል) ይሾልካል። ከተርሚናል ወደ ሻሲ ሲለካ ብዙ ቮልት ከታየ፣ የሴል ክዳኖቹን አጥብቆ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ማጠብና ማድረቅ ይቀድማል። ኮንትሮለር ለመለወጥ መቸኮል አያስፈልግም።

ሲገዛ መለያውን ማንበብ ግድ ነው፤ ዩቲ210ኤ እና ዩቲ210ቢ መልካቸው አንድ ሆኖ ከረንት የሚለኩት በኤሲ ብቻ ነው፤ የባትሪ ከረንት ግን ዲሲ ነው።