ለዩሲ ማመልከቻ ከ8ቱ ጥያቄ የትኞቹን 4 ልምረጥ?

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ (ዩሲ) ለሚያመለክት የ12ኛ ክፍል ተማሪ 8 ጥያቄ ይቀርብለታል፤ 4ቱን መርጦ ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ይጽፋል። ለመግቢያ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አያዩም፤ ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ብዙ ይናገርላችኋል። ዩኒቨርሲቲው 8ቱንም እኩል ነው የማያቸው ስለሚል «የቱን ይወዱታል?» እያላችሁ አትጨነቁ። ይልቅ በየትኛው ላይ እናንተ ራሳችሁ ያደረጋችሁት ነገር እንደሚበዛ እዩ።

4 ወይስ 5?

የኛ ልጆች በብዛት የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። 4ኛው ያገኛችሁትን የትምህርት ዕድል ወይም የገጠማችሁን የትምህርት እንቅፋት ይጠይቃል። 5ኛው ደግሞ በሕይወታችሁ ያያችሁትን ከባድ ፈተና፣ እንዴት እንደተወጣችሁትና ትምህርታችሁን እንዴት እንደነካው። «ፈተና» ሲባል ሁሉም ወደ ስደት ታሪክ ይሮጣል። የአንዲት ዘመዴን ረቂቅ ሳነብ አብዛኛው ስለ እናቷ ነበር፤ የሱዳን መንገድ፣ ካርቱም ሰው ቤት የሠራችባቸው ዓመታት። ልብ ይነካል፤ ግን የምታመለክተው ልጅቷ ናት። «አንቺስ?» ስላት፣ እንደ ቀላል ነገር፣ 9ኛ ክፍል ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ ትምህርት) አስገብተዋት መደበኛ ኬሚስትሪ አትወስጂም ስላሏት አማካሪዋ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣችውን የ8ኛ ክፍል ደብተሯን ሳይቀር ገልጣ አሳይታ እንደገባች ነገረችኝ። 4ኛው ማለት ይሄ ነው! እንደ አዲስ ጻፈችው፤ የእናቷ ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ገባ።

እንቅፋቱ ትምህርት ላይ ከሆነ 4ን ውሰዱ። ሕመም፣ የቤተሰብ መለያየት፣ ቤት ማጣት ከሆነ 5ን። አንዱን ታሪክ ደግማችሁ እስካልጻፋችሁ ድረስ ሁለቱንም መምረጥ ይቻላል።

1 ወይስ 7?

1ኛው አመራር ነው። «እኔ የክለብ ፕሬዚዳንት አይደለሁም» ብላችሁ አትለፉት፤ ቤተሰብ መርዳትም እንደሚቆጠር መመሪያው ላይ አለ። እናቷ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ታናናሾቿን አብልታ፣ የቤት ሥራ አሠርታ የምታስተኛ ልጅ ጥያቄዋ 1ኛው ነው። 7ኛው ትምህርት ቤታችሁን ወይም ማኅበረሰባችሁን ለማሻሻል ያደረጋችሁትን ይጠይቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት ፊደል የምታስተምሩ ከሆነ እዚህ ጻፉት፤ ስንት ልጆች እንደነበሩና ምን እንደተለወጠ አንድም ሳታስቀሩ።

2፣ 3፣ 6 እና 8

2ኛው የፈጠራ ችሎታ ነው፤ ችግር የምትፈቱበት መንገድም ይገባል። 3ኛው ተሰጥኦ ወይም ክህሎት ሆኖ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንዳሳደጋችሁት ስለሚጠይቅ፣ ክራር የጀመራችሁት ባለፈው ክረምት ከሆነ ይቅርባችሁ። 6ኛውን የምትወዱትን ትምህርት ከክፍል ውጭም ከተከታተላችሁት ብቻ ምረጡ፤ «ባዮሎጂ እወዳለሁ» ብቻውን 350 ቃል አይሞላም። 8ኛው ክፍት ነው። እኔ ብሆን ሌላ ቦታ የማይገባ ነገር ከሌለኝ አልነካውም።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምትዛወሩ ከሆነ ደግሞ አንዱ ጥያቄ ግዴታ ነው፤ ለመረጣችሁት የትምህርት ዘርፍ እንዴት እንደተዘጋጃችሁ ይጠይቃል። ከቀሩት 7 ውስጥ 3 ትመርጣላችሁ።

መልሶቹ ወደምታመለክቱባቸው የዩሲ ካምፓሶች ሁሉ እንዳሉ ስለሚላኩ፣ አንዱን ካምፓስ ብቻ ጠርታ «በርክሌይ ሕልሜ ነው» የምትል መስመር ካለች አሁኑኑ አውጧት።