ለደንገጎ የትኛው ፔጆ ይሻላል? 404 ወይስ 504?

ደንገጎ ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያና ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 የማያውቅ ሰው የለም። አሮጌ ፔጆ ገዝቶ ማደስ የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ግን ሁሌም ያው ነው፦ «የቱ ነው ጉልበት ያለው?»

ጉልበት ከሆነ 504 ነው። የ404 ሞተር 1,618 ሲሲ ሲሆን 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ባለ 1,971 ሲሲው 504 ከ90 ያልፋል። ክብደቱም ግን ይጨምራል፤ 404 ወደ 1,070 ኪሎ፣ 504 ወደ 1,200 ኪሎ ነው። ከፍታውም ድርሻውን ይወስዳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ የጉልበቱን አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ዳገቱን ሁለቱም እያቃሰቱ ይወጡታል። 504 ትንሽ ይቀድማል፣ በቃ።

እኔን የሚያሳስበኝ መመለሻው ነው። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርዱ ኩርባው ሳያልቅ ሌላ ኩርባ ይመጣል። እዚያ የሚያድናችሁ ፍሬንና መሪ እንጂ ሞተር አይደለም። አንዴ በአሮጌ 404 ስወርድ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለኝ። ብረግጠው ብረግጠው አልይዝ አለ። ማርሽ ቀንሼ፣ በሞተር ይዤው ነው የተረፍኩት። የቆዩት 404ዎች አራቱም እግር ላይ ታምቡር ፍሬን (ሸራው ከበሮ በሚመስል ብረት ውስጥ ሆኖ የሚይዝ) ነው ያላቸው፤ ታምቡር ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይግላል።

የ504 ሰዳን ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። በደህናው ሞዴል አራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን (ክፍት ሳህን መሰል ብረት ጨብጦ የሚይዝ፣ ስለዚህም ቶሎ የሚቀዘቅዝ) አለው። የኋላ ጎማዎቹም ለየብቻ ነው የሚጫወቱት፤ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው መሬቱን እንደያዘ ይቆያል። የ404 የኋላ አክስል ግን አንድ ወጥ ስለሆነ አንዱ ጎማ ሲዘል ሌላውንም ያናውጠዋል።

ተጠንቀቁ፣ 504 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። የስቴሽኑና የፒክአፑ የኋላ አክስል ወጥ ነው፤ የኋላ ፍሬናቸውም ታምቡር ነው። ሻጩ «ያው 504 ነው» ቢላችሁ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ።

404ን እያጣጣልኩ አይደለም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈ መኪና ነው። ቀላል ነው፣ መሪውም ይታዘዛል። ሐረር ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ያለማመንታት 404 ግዛ እለዋለሁ። ገንዘቡን ግን ሞተር ማሳደግ ላይ አያጥፋ። መጀመሪያ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና የመሪ እቃ ይቀይር።

በየሳምንቱ ደንገጎን የምትመላለሱ ከሆነ 504 ሰዳን ፈልጉ። ሞተሩ ደከም ያለ ቢሆንም እንኳ እግሩና ፍሬኑ ደህና የሆነውን ምረጡ። ሻጭ ነዳጅ እየረገጠ ሞተሩን ሊያሰማችሁ ይወዳል። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ቁልቁለት ላይ ውሰዱት፤ ደጋግማችሁ ፍሬን ያዙና ወደ ጎን ይስብ እንደሆነ፣ ፔዳሉም እየሰመጠ ይሄድ እንደሆነ እዩ።