የአስፈሪ ልብ ወለድ ፍለጋ፦ የሽልማት ዝርዝር ወይስ መድበል?

ከስቴፈን ኪንግ አልፎ አስፈሪ ልብ ወለድ የሚሻ አንባቢ በሁለት መንገድ መፈለግ ይችላል። ለአስፈሪ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠው የብራም ስቶከር ሽልማት በየዓመቱ አዳዲስ ስሞችን ያወጣል፤ ከአሸናፊው ይልቅ ዕጩዎቹን ማየት ይበጃል። ነገር ግን ሥራዎቹ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ናቸው።

እኔ መድበልን አስቀድማለሁ። አን እና ጄፍ ቫንደርሜር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት «ዘ ዊርድ» ከ100 በላይ ታሪኮችን ይዟል። የቤልጅየሙ ዣን ሬይ፣ የጃፓኑ አኩታጋዋ፣ የናይጄሪያው አሞስ ቱቱኦላ በአንድ ጥራዝ ይገኛሉ። የቱቱኦላን ታሪክ በተለይ እወደዋለሁ፤ በምድጃ ዳር ተረት ላደገ ሰው ፍርሃቱ እንግዳ አይደለም። ያልጣመንን በጥቂት ገጾች እንሻገራለን፤ እንቅልፍ የነሳንን ደራሲ ስም ይዘን ሌላ ሥራውን እንፈልጋለን። ረጅም ልብ ወለድ ይህን ዕድል አይሰጥም።