የካንሰር ሕዋስ በቤተ ሙከራ፦ ጠፍጣፋ ሳህን ወይስ ሉል?

ጎጃም ውስጥ፣ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ፣ የካንሰር ምርምር የሚጀምር ወጣት ሕዋሳቱን የት እንደሚያሳድግ መምረጥ አለበት።

ጠፍጣፋው የፕላስቲክ ሳህን ርካሽና ፈጣን ነው፤ ከ1951 ጀምሮ በቤተ ሙከራ ሲባዙ የኖሩት ሄላ (HeLa) የተባሉ የካንሰር ሕዋሳትም በአብዛኛው የሚያድጉት እንዲህ ነው። ለመድኃኒት የታሰቡ ብዙ ውሕዶችን በአንድ ጊዜ ለማጣራት ይበቃል።

ሉሉ፣ ማለትም ሕዋሳት ተሰባስበው የሚሠሩት ክብ እብጠት፣ ግን ወደ እውነተኛው ዕጢ ይቀርባል። ዳር ያሉት ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያገኙ መሃል ያሉት ይታፈናሉ፤ መድኃኒቱም ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ይቸገራል። ኮላጅን (ሕብረ ሕዋስን የሚደግፍ ፕሮቲን) እና ፋይብሮብላስት (ኮላጅንን የሚሠሩ ሕዋሳት) ሲጨመሩበት ደግሞ ዕጢው በዙሪያው ያለውን ሕብረ ሕዋስ እንዴት ለራሱ እንደሚያሠራ መከታተል ይቻላል። ይህ ጠፍጣፋው ላይ በደንብ አይታይም፤ በሳህን ተስፋ የሰጠ መድኃኒት ሕመምተኛው ላይ ሲከሽፍ ማየት ያንገበግበኛል። ምርጫዬ ሉሉ ነው። ሕዋሳቱን አቅፎ የሚይዘው ውዱ ጄል ባይገኝ እንኳ፣ አጋሮዝ (ሕዋሳት የማይጣበቁበት ጄሊ መሰል ነገር) በተቀባ የሳህን ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሕዋሳት መጣበቂያ ሲያጡ እርስ በርስ ይሰባሰባሉ።