«ማይክል»፣ «ቶይ ስቶሪ 5» ወይስ «ኦዲሲ»? ትሬይለሮቹን አይቶ ትኬት ለመምረጥ

ከፋሲካ እስከ ሐምሌ ሦስት ትልልቅ ፊልሞች ተከታትለው ይወጣሉ። የማይክል ጃክሰንን ሕይወት የሚተርከው «ማይክል» ሚያዝያ 16፣ «ቶይ ስቶሪ 5» ሰኔ 12፣ የዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን «ኦዲሲ» ደግሞ ሐምሌ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት ይጀምራሉ። የሦስቱም ትሬይለር ዩቲዩብ ላይ አለ። ባሕር ዳር ውስጥ ፊልም ከሚወድ ወጣት ጋር ቡና ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ከሦስቱ አንዱ መነሣቱ አይቀርም።

እኛ ፊልም ስንመርጥ አዲስ አበባ ያለ ሰው የማያስበውን ጭምር እናስባለን። አዲስ የሆሊውድ ፊልም በወጣ ሰሞን በትልቅ ስክሪን ለማየት ቦሌ አካባቢ ካሉት ሲኒማ ቤቶች መድረስ ይጠይቃል። የአውሮፕላኑ ዋጋ ይታወቃል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የመኪና መንገድ ያለበት ሁኔታም ለባሕር ዳር ሰው የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ለፊልም ብቻ ብላችሁ ተነሡ አልልም። ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ለዘመድ ሠርግ የምትሄዱ ከሆነ ግን ቀኑን ከአንዱ ፊልም ጋር ማገጣጠም ይቻላል። አንድ ትኬት ብቻ ቢቆረጥ የየትኛው ይሁን? ቤት ውስጥ የሚታዩት ሁለቱስ ምን ይጎድልባቸዋል? ትሬይለሮቹን ደጋግሜ ያየሁት ይህን ለመመለስ ነው።

ትኬቱ ለ«ኦዲሲ» ይሁን እላለሁ።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሆሜር የተባለው የጥንት ግሪክ ባለቅኔ ነው የተረከው። የኢታካው ንጉሥ ኦዲሲየስ አሥር ዓመት ትሮይን ሲወጋ ይኖርና ወደ ቤቱ ለመመለስ ሌላ አሥር ዓመት ይንከራተታል። ሚስቱን ፔኔሎፔን ለማግባት የሚሽቀዳደሙ ወንዶች ቤቱን ሞልተው ሀብቱን ይበላሉ። ልጁ ቴሌማኩስ አባቱን ሳያውቅ ያድጋል። ለእኛ ደግሞ ለብቻው የሚያስደስት ነገር አለው። ትረካው ሲጀምር ኦዲሲየስን የሚያሳድደው የባሕር አምላክ ፖሲዶን በቦታው የለም፤ በምድር ዳርቻ ወደሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል ሄዷል። ሌሎቹ አማልክት ሰውየውን ወደ አገሩ ለመመለስ የሚመክሩት ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው ነው። ሆሜር የሚላቸው ኢትዮጵያውያን አገር ከዛሬው ካርታችን ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም ስማችን በመጀመሪያዎቹ ስንኞች ውስጥ ተጠርቷል፤ ኖላን ያቺን ነገር በአንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ቢያነሣት ደስታዬ ወሰን የለውም።

ታኅሣሥ ላይ የወጣው ትሬይለር ግን ስለ አማልክት ብዙም አይናገርም። የሚያሳየን ሰዎችን ነው። ማት ዴመን የሚጫወተው ኦዲሲየስ ከደከሙ ወታደሮቹ ጋር ይታያል፤ ወታደሮች ተደብቀው ትሮይ ለመግባት ከእንጨት በተሠራው ግዙፍ ፈረስ ሆድ ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው ተጨናንቀዋል፤ አን ሃታዌይ ፔኔሎፔን ሆና ባሏን እንደምትመለስ ቃል ግባልኝ ትለዋለች። በዋሻው ጨለማ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር እንዳለ በጨረፍታ ይጠቁሙንና ያልፉታል። ይህ ቁጥብነት ትልቅ እምነት ሰጥቶኛል። ያለውን ሁሉ በሁለት ደቂቃ የሚዘረግፍ ትሬይለር ብዙ ጊዜ ለሲኒማ ቤቱ የተረፈው ነገር የለም። የእኛም የአማርኛ ፊልሞች በዚህ በኩል ይጎዳሉ፤ ማን ከዳ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ የሚለው ትሬይለሩ ላይ ካለቀ ተመልካቹ ገንዘቡን ለምን ይከፍላል? አዘጋጆቹ ይህን ቢያስተካክሉ ሥራቸው የበለጠ ይከበር ነበር።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው ውሃው ነው። ጣና ዳር የኖረ ሰው በማዕበል አይታለልም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ እንዴት ቀለሙን እንደሚለውጥ፣ የደንገል ታንኳ ላይ ያለ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ እንዴት እንደሚቀመጥ ዓይናችን ለምዶታል። በብዙ ፊልሞች ጀልባው ይወዛወዛል፣ የተሳፈሩት ሰዎች ግን ወለል ላይ እንደቆሙ ያስታውቃሉ፤ ባሕሩ በኮምፒውተር ተሠርቶ ከኋላቸው የተቀጠለ ነውና። በዚህ ትሬይለር ቀዛፊዎቹ ክብደት አላቸው፤ ውሃው ሲመታቸው ገላቸው ይመልሳል። ኖላን የመርከቡን ሠራተኞች የሚጫወቱትን ተዋናዮች እውነተኛ ማዕበል ላይ እንዳወጣቸው ራሱ ተናግሯል። ቀረጻው በሞሮኮ፣ በግሪክ፣ በሲሲሊ አካባቢ፣ በስኮትላንድና በአይስላንድ ተካሂዷል። ከዚህም በላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአይማክስ፣ ማለትም ለግዙፍ ስክሪን የሚሆን ጥራት ያለው ምስል በሚቀርጸው የፊልም ካሜራ የተቀረጸ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። እነዚህ ካሜራዎች እየሠሩ ከፍተኛ ድምፅ ስለሚያወጡ ቀድሞ ለንግግር ትዕይንት ያስቸግሩ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ሲባል ድምፃቸው የሚታፈንበት ዘዴ ተበጅቷል። ፊልሙ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው በጥቂት የውጭ ከተሞች ለአይማክስ ትኬት መሸጥ የተጀመረውም ለዚህ ነው።

እኛ አገር አይማክስ የለም። ያም ሆኖ ተራ ሲኒማ ቤት ቢሆን እንኳ ከስልክ ጋር አይወዳደርም። ትሬይለሩ ጨለማ ይበዛዋል፤ ፀሐይ ባለበት ቦታ በስልክ ስታዩት ግማሹ ይጠፋል። ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ላፕቶፕ ላይ እዩት፤ ከዚያ ልዩነቱን ትፈርዳላችሁ። የምሰጋው ለልጆች ነው። ጭንቀቱ ከባድ ስለሆነ ትንንሾቹን ይዞ መግባት አይመከርም።

«ማይክል» ከዚህ በብዙ ይለያል። «ኦዲሲ» የማታውቁትን ነገር ሊያሳያችሁ ይሞክራል፤ «ማይክል» ደግሞ የምታውቁትንና የምትወዱትን ይመልስላችኋል። ትሬይለሩ ስቱዲዮ ውስጥ ይጀምራል። የማይክልን ታዋቂ አልበሞች ያዘጋጀውን ፕሮዲዩሰር ኩዊንሲ ጆንስን የሚጫወተው ተዋናይ ዘፈኖቹ ተዘጋጅተዋል፣ ከመጀመሪያው እንጀምር ይላል፤ ዘፈኑ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ሰውነት ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ማይክልን የሚጫወተው የወንድሙ የጀርሜይን ልጅ ጃፋር ጃክሰን ነው፤ ትከሻውና እግሩ የዘመድ መሆኑን ይመሰክራል። ድምፁን አጥፍታችሁም እዩት። እኔ እንደዚያ ሳየው ጭፈራው ብርታቱን እንደያዘ ቀረ፤ ታሪኩ ግን ጠፋ። አባትና ልጅ፣ መድረክ፣ የሚጮኽ ሕዝብ፤ እነዚህ ሁሉ ከእንዲህ ዓይነት ፊልሞች የምንጠብቃቸው ናቸው። ትሬይለሩን ተሸክሞት የሚሄደው ዘፈኑ ነው።

ይህን ስል ፊልሙን ማቅለሌ አይደለም። እኛ ከማይክል ጃክሰን ጋር ሌላው ዓለም የሌለው ትዝታ አለን። እሱና ላየነል ሪቺ የጻፉት «ዊ አር ዘ ዎርልድ» ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተቀረጸው አገራችን በድርቅ ስትቆላ ነው፤ ገቢውም ለረሃቡ ተጎጂዎች ርዳታ ውሏል። የ77ን ድርቅ ያየ፣ ወይም ከወሎ ተነሥቶ ፓዌ የሰፈረ ዘመድ ያለው ሰው ያን ዘፈን ሲሰማ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው። ፊልሙ ያቺን ሌሊት ቢያሳየን እናቶቻችንን ይዘን ብናየው እወዳለሁ።

ትኬት ገዢ ግን ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ከፊልሙ ፕሮዲዩሰሮች መካከል የማይክልን ውርስ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ይገኙበታል። ማይክል በሕፃን ላይ በደል ፈጽሟል ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ፍርድ ቤት ከሁሉም ክሶች ነፃ ብሎታል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሞተ በኋላም ውንጀላውና ክርክሩ አልቆመም። ትሬይለሩ ወደዚያ አይጠጋም። የመውጫ ቀኑ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለ2025 ሚያዝያ ታስቦ ነበር፣ ተጨማሪ ቀረጻም ተደርጎለታል። እንግዲህ ከወዳጅ ወገን የተነገረ ታሪክ መሆኑን እያወቃችሁ ግቡ። የተሟላ የሕይወት ታሪክ የምትፈልጉ ከሆነ ትኬቱን አትግዙ፤ ዘፈኑንና ጭፈራውን በትልቅ ድምፅ ለመስማት ከሆነ አይቆጫችሁም። ቤት ውስጥ ሲታይም ብዙ የሚጎድለው ምስሉ አይደለም፤ ድምፁ ነው። ጥሩ ስፒከር ያለው ጓደኛ ቤት ተሰብስባችሁ ብታዩት የሲኒማ ቤቱን ደስታ አብዛኛውን ታገኙታላችሁ።

ወደ «ቶይ ስቶሪ 5» ስመጣ የምናገረው ያጥራል፤ መጀመሪያ የወጣው ትሬይለርም አጭር ነው። ግን ከሦስቱ የፊልሙን ጥያቄ ፊት ለፊት የነገረን እሱ ብቻ ነው። ቦኒ ለምትባለው ልጅ ፖስታ ቤት ያመጣው በሚመስል ሳጥን አዲስ ነገር ይመጣላታል። ሲከፈት ሊሊፓድ የተባለች እንቁራሪት የምትመስል ታብሌት ናት። አሻንጉሊቶቹ ደንግጠው ያያሉ፤ የአሻንጉሊት ዘመን አበቃ ወይ የሚል ጥያቄ ይከተላል። በቃ። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ትዕይንት በቤቱ አይቶታል። ለእህቴ ልጅ ሳሳያት የአሻንጉሊቶቹን ዋና፣ ዉዲን፣ አስባ «አሁን እነ ዉዲን ማን ያጫውታቸዋል?» አለችኝ፤ ይህን ያህል ትልቅ ጥያቄ ልጅ አእምሮ ውስጥ ማኖር ለትሬይለር ትልቅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው «ቶይ ስቶሪ» እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም አኒሜሽን ነበር፤ ዛሬ ያው ተከታታይ ልጆችን ከስክሪን ፊት ስለመንጠቅ መጠየቁ ድፍረት ነው። የምፈራው ስብከት እንዳይሆን ነው፤ ዳይሬክተሩ አንድሩ ስታንተን ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ በጽሑፉ የነበረ ሰው ስለሆነ ግን ተስፋ አለኝ።

ለዚህ ፊልም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ሰኔ 12 የሚካኤል በዓል ነው፣ ልጆችም ፈተና ላይ ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ፣ ዝናቡ ከቤት ሲያስቀምጣቸው፣ ወላጅም አብሮ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ቢያየው የተሻለ ነው። ከፊልሙ በኋላ የሚመጣው ወሬ በስክሪኑ ስፋት አይጨምርም።

ስለ ልዕለ ኃያል ጀግኖቹ ፊልም፣ ስለ «አቬንጀርስ፦ ዱምስደይ»፣ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የሚወጣው ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። እስካሁን የለቀቋቸው አጫጭር ቅንጭቦች የድሮ ጀግኖችን ፊት አንድ በአንድ ያሳያሉ፤ ካፒቴን አሜሪካን የሚጫወተው ክሪስ ኢቫንስ ተመልሷል፣ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በዚህኛው ክፉውን ዶክተር ዱምን ይጫወታል። ታሪኩ ግን ገና አልተነገረንም፤ በናፍቆት ብቻ ገንዘብ መመደብ ትክክል አይመስለኝም። ጊዜ ስላለ እንጠብቅ።

ቤት ውስጥ ለማየት የወሰናችሁ በቅጂው ተጠንቀቁ። ፊልም በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍላሽ ላይ የሚጫነው ብዙ ጊዜ ከሲኒማ ቤት ተደብቆ በካሜራ የተቀዳ ነው፤ ምስሉ የደበዘዘ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ፣ አንዳንዴ የተመልካች ጭንቅላት የሚያልፍበት። የፊልሙን ሠራተኞች መብት መንካቱ ሳይረሳ፣ ለተመልካቹም ኪሳራ ነው። ሌላው በአንድ ሰው ድምፅ የሚተረከው ትርጉም ፊልም ነው። እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ልጆች «ቶይ ስቶሪ»ን በትርጉም ማየት ጥሩ ነው፤ ታሪኩ በንግግር የሚሄድ ስለሆነ ይጠቅማቸዋል። «ማይክል» ላይ ግን ተርጓሚው ዘፈኑ ላይ መናገሩ አይቀርም፤ ለሱ ሰብታይትል ፈልጉ። «ኦዲሲ»ን ደግሞ ሐምሌ ላይ ማግኘት ካልቻላችሁ በካሜራ የተቀዳውን አትንኩት። ያ ሁሉ ጨለማና ውሃ አንድ ጥቁር ነገር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ጥራት ያለው ቅጂ እስኪወጣ እስከ መስቀልም ቢሆን ጠብቁና ከቤታችሁ ባለው ትልቁ ስክሪን፣ በማታ እዩት።